በጎንደር የአካል ጉዳት ካሣ ክስ እንዴት ይያዛል? ከአደጋው ቦታ እስከ አፈጻጸም

ጀማሪ ጠበቃ የአካል ጉዳት መዝገብ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያሳስበው «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ነው። ሾፌሩ ይበር ነበር፣ ባጃጁ መብራት አልነበረውም፣ እግረኛው ከዜብራ ውጭ ነው የተሻገረው። ይህ ለወንጀሉ መዝገብ ዋና ነገር ነው። በካሣው መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ ሕጉ ራሱ ሸክሙን አቅሎልናል። የምንሸነፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በጉዳቱ ልክ። ተጎጂው በወር ስንት ያገኝ ነበር? ከመቶ ስንት እጅ የመሥራት አቅሙን አጣ? ለመድኃኒትና ለመመላለሻ ስንት አወጣ? ደረሰኙስ የት አለ? ኃላፊነቱ ተረጋግጦ፣ ካሣው ግን «በርትዕ» (በዳኛው ሚዛናዊ ግምት) ተብሎ በትንሽ ብር የሚዘጋ መዝገብ ስንቱ ነው!

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ገንዘቡን ወደ ማስረዳት ያደላል። የተጻፈው ጎንደርና አካባቢዋ ለሚሠሩ ጠበቆች ነው። ዘመዱ የተጎዳበት ሰው ቢያነበውም ጠበቃውን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቅበታል።

1. ወረቀቱ ሳይበተን ሰብስቡት

አዘዞ መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ መንገድ እንዳይዘጋ ተብሎ ተሽከርካሪዎቹ ቶሎ ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋ ፕላን (የቦታው ንድፍ)፣ በስልክ የተነሣ ፎቶ እና የሰው ትዝታ ነው። ፕላኑ በወንጀሉ መዝገብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ግልባጩን በጊዜ ጠይቁ። ካልተሰጣችሁ በክስ ማመልከቻችሁ ላይ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብላችሁ አመልክቱ። አካባቢው ሱቅ ካለ ካሜራ እንዳለው በዚያው ሳምንት ጠይቁ፤ ቀረጻው በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

ምስክር ላይ አትዘናጉ። ብዙው ሰው ለቅዳሜ ገበያ የመጣ መንገደኛ ነው። ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ቀበሌውንና ስልኩን ያዙ። ስልክ ለሌለው የጎረቤቱን ያዙ።

ሆስፒታል ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ስም ነው። ተጎጂው ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ካርዱ የሚወጣው አብሮት የመጣው ሰው በሚጠራው ስም ነው። እሱም የቤት ስም ወይም የክርስትና ስም ሊሆን ይችላል። መታወቂያው ላይ ያለው ሌላ ነው። ተከሳሽ ይህን ልዩነት ካገኘ «ይህ ካርድ የከሳሽ አይደለም» ይላል። ሰውየው ከሆስፒታል ሳይወጣ ይስተካከል። ሁለተኛው ቀን ነው። የሕክምና ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል፤ የፖሊሱ በእኛ። ክሱ ላይ ሁለቱን ካደባለቃችሁ አደጋው ከመድረሱ በፊት የታከመ ሰው ይወጣችኋል።

ደረሰኝ በፌስታል ይጠራቀም። ቤተሰቡ ከቆላ ድባ ወይም ከጭልጋ የሚመላለስ ከሆነ የሚኒባስ ደረሰኝ የለም። እሱን በምስክር ታስረዳላችሁ። ለዚህም የሄዱበትን ቀን በደብተር ይጻፉ።

አንድ ነገር ለቤተሰቡ በመጀመሪያው ቀን ይነገር። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጠው ያዝዛል። አዋጁ ሲወጣ የዚህ ሽፋን ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ትንሽ ነው፤ ግን በሩን ያስከፍታል።

2. ታርጋውን ተከተሉ

ሾፌሩን ብቻ ከሳችሁ ብትረቱ የምታገኙት ባዶ ኪስ ነው። ታርጋውን ይዛችሁ ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሂዱና ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ አጣሩ። እዚህ አገር መኪና በውክልና ይሸጣል። ሊብሬው ላይ ያለው ሰው «ሸጫለሁ» ይላል። የገዛው ደግሞ «በስሜ አልዞረም» ይላል። እናንተ ሁለቱንም በአንድ ክስ ውስጥ አስገቧቸውና እርስ በርሳቸው ይከራከሩ።

የሦስተኛ ወገን መድን የሰጠው ድርጅት የትኛው እንደሆነ ከተለጣፊው ወይም ከፖሊስ መዝገቡ ውሰዱ። አዋጅ 799 ሲወጣ ጣሪያው ለሞትና ለአካል ጉዳት በአንድ ሰው እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ተብሎ ነበር የተቀመጠው። አደጋው በደረሰበት ቀን የሚሠራበትን መጠን አረጋግጡ። ዋናው ነገር ይህ ጣሪያ የመድን ድርጅቱ መሆኑ ነው። ቀሪውን ከባለንብረቱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ትጠይቃላችሁ። አንዳንድ ቤተሰብ ከመድን ድርጅቱ ገንዘብ ሲቀበል ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። የሚፈርመውን ወረቀት ሳታነቡለት እንዳይፈርም።

ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ከሆነ ተጎጂው በአዋጁ የተቋቋመውን የመድን ፈንድ መጠየቅ ይችላል። በመተማ መንገድ የሱዳን ታርጋ ያለው የጭነት መኪና ካጋጠማችሁ ደግሞ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ (ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ የሦስተኛ ወገን መድን) እንዳለው ጠይቁ። ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ መፈለግ ሌላ መከራ ነው።

3. ክሱ በየትኛው አንቀጽ ይቆማል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ኃላፊነትን በቁጥር 2027 ይጀምራል። ቁጥር 2028 ጥፋት ላይ የቆመ ነው፤ ጥፋቱን የማስረዳት ግዴታው የእናንተ ነው። ቁጥር 2081 ግን የተሽከርካሪና የመኪና መሣሪያ ባለቤትን ያለጥፋቱ ኃላፊ ያደርጋል። ሾፌሩ ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ማምለጥ የሚችለው በዋናነት ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። በቁጥር 2086 ደግሞ «እኔ አላጠፋሁም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» የሚል መከላከያ አይጠቅመውም፤ የተጎጂውን ጥፋት ካላስረዳ በቀር። እንግዲህ መኪና የገጨው እግረኛ ካላችሁ ስለ ፍጥነቱ አምስት ምስክር መደርደር ለምን?

ሁለት ተሽከርካሪዎች ከተጋጩ ቁጥር 2084 መነሻው እኩል ድርሻ ነው። ይህን መለወጥ የፈለገ የአንዱ ሾፌር ጥፋት መሆኑን ያስረዳ። ሹፌሩ ተቀጣሪ ከሆነ ቁጥር 2130 አሠሪውን ያመጣላችኋል።

ተጎጂው ተሳፋሪ ከሆነ ቆም በሉ። ከፍሎ የተሳፈረ ሰው ከአጓጓዡ ጋር ውል አለው። ጉዳዩ ወደ ንግድ ሕጉ የማጓጓዣ ክፍል ይሄዳል፤ እዚያ የካሣ ጣሪያ አለ። በነፃ፣ ለውለታ ያህል የተጫነ ሰው ከሆነ ደግሞ ያለጥፋት የሚለው ኃላፊነት አይሠራለትም። ጥፋት ማስረዳት ትገደዳላችሁ። «አንዴ አድርሰኝ» የምንባባልበት አገር ስለሆነ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይመጣል።

የእንስሳ ጉዳት በቁጥር 2071፣ የሕንፃ ጉዳት በቁጥር 2077 ነው። የሕንፃውን ነገር ጎንደሬ በቀላሉ አያልፈውም። ጥር 11 ቀን 2012 በፋሲለደስ መዋኛ የጥምቀት በዓል ላይ የእንጨቱ መቀመጫ ርብራብ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ተጎድተዋል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ለጠበቃ የሚያነሣው ጥያቄ ብዙ ነው። ለበዓል ተሠርቶ የሚፈርስ ርብራብ «ሕንፃ» ይባላል? ባለቤቱ ማን ነው፤ ያሠራው፣ የሠራው ወይስ ቦታውን የያዘው? ቁጥር 2077 ብቻውን አያስተማምንም። በአማራጭ ቁጥር 2028ንም ጥቀሱ፤ ሥራው ያለ ጥንቃቄ ተሠርቷል በሚል።

ተጎጂው ሥራ ላይ የነበረ ተቀጣሪ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው። ለጊዜያዊ ጉዳት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት 50 በመቶ ይከፈላል። የዚህ አዋጅ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) አጭር ስለሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ።

4. ይርጋውን በመጀመሪያው ቀን ጻፉ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀል ሕጉ የረዘመ ይርጋ ካስቀመጠ ረጅሙ ለካሣውም ይሠራል። ሁለተኛው መንገድ ለዘገየ ደንበኛ መዳኛ ነው። ሆን ብሎ ተማምኖበት መቀመጥ ግን ሞኝነት ነው፤ ወንጀል ስለመሆኑ ሌላ ክርክር ትከፍታላችሁ።

ብዙው ቤተሰብ «የወንጀሉ ይለቅ» እያለ ይጠብቃል። መጠበቅ ግዴታ አይደለም። በቁጥር 2149 ሾፌሩ በወንጀል በነፃ ቢለቀቅ እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም። ካሣውን በወንጀሉ መዝገብ ላይ መጠየቅም ይቻላል። እኔ ግን የጉዳት ማስረዳት ለሚበዛበት መዝገብ አልመክረውም። የወንጀሉ ችሎት የሚጨነቀው ስለ ጥፋትና ስለ ቅጣት ነው፤ የገቢ ሒሳብ እዚያ ውስጥ ይጠፋል።

5. ሽማግሌዎቹ ሲመጡ

ይመጣሉ። ለቅሶው ላይ ወይም ሆስፒታሉ በር ላይ። «በሉ እንግዲህ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በሉ» ይሏቸዋል እናትየውን። እርቅን የሚንቅ ጠበቃ ጎንደር ላይ ደንበኛ አይኖረውም፤ መናቅም ተገቢ አይደለም። በሞት ጉዳይ ቂም የሚበርደው በፍርድ ወረቀት ሳይሆን በሽማግሌ ፊት ነው። የእናንተ ሥራ ወረቀቱን ማስተካከል ነው።

መጀመሪያ የተሰጠው ገንዘብ ለምን እንደተሰጠ ይጻፍ። ለቀብርና ለተስካር የተሰጠ ብር በኋላ «ሙሉ ካሣ ከፍያለሁ» ተብሎ ይቀርባል። «ለቀብር ማስፈጸሚያ የተሰጠ እርዳታ፣ የካሣ ጥያቄን የማያስቀር» የምትለዋ አንዲት መስመር ብዙ ታድናለች። ሙሉ ስምምነት ከሆነ ደግሞ የፈረመው ማን ነው? ወንድም ለሟች ሚስት መፈረም አይችልም። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉ ሞግዚት ይሾም፣ ስምምነቱም ለፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅ። የአካል ጉዳት ከሆነ ሕክምናው ሳያልቅ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል አታስፈርሙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ሌላው ወገንም ይወቀው፤ በሞት ጉዳይ እርቅ የዐቃቤ ሕጉን ክስ አያቆምም። ቅጣት ለማቅለል ግን ይጠቅማል። ለዚህ ነው ተከሳሹ የሚቸኩለው፤ እናንተ ለመደራደር አቅም ያላችሁም ያኔ ነው።

6. የጉዳቱን ልክ ማስላት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ቁጥር 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ቁጥር 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሣል ይላል። ትክክለኛው መጠን ሊታወቅ ካልቻለ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ይፈቅድለታል። ማስረጃችሁ በሳሳ ቁጥር ወደ 2102 ትንሸራተታላችሁ። እዚያ ደግሞ ቁጥሩ የእናንተ ሳይሆን የዳኛው ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ነው። ቦርዱ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይጽፋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን የመሰለ ትልቅ ሆስፒታል ከተማው ውስጥ ስላለ ብዙው ተጎጂ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቦርድ የሚቀርበው ሕክምናው ሲያልቅ ወይም ከዚህ በላይ እንደማይሻሻል ሲታወቅ ነው። የሁለት ዓመቱ ይርጋ ከደረሰና ሕክምናው ካላለቀ ክሱን ከፍታችሁ ቦርዱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲታይ ጠይቁ። ደግሞም ሐኪሙ ከመቶኛው በተጨማሪ ወደፊት የሚያስፈልገውን እንዲጽፍ አመልክቱ። ብረት የሚወጣበት ቀዶ ሕክምና፣ በየጊዜው የሚቀየር ሰው ሠራሽ እግር፣ የሚያግዘው ሰው። ያልተጻፈ ነገር አይካሥም።

ሁለተኛው ገቢ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የደመወዝ ደብዳቤ ይበቃል። ጎንደር ላይ ግን ደንበኛችሁ ባጃጅ ነጂ፣ ሸማኔ፣ አስጎብኚ፣ ጀበና ያስቀመጠች ቡና ሻጭ ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ነው። ንግድ ፈቃድ ያለው የግብር ደረሰኙን ያምጣ። እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ለግብር በዓመት ትንሽ ያሳወቀ ሰው ለካሣ ብዙ ቢል ተከሳሽ ወረቀቱን ያወጣበታል። አስቀድማችሁ ጠይቁት። ወረቀት የሌለው በምስክር ያስረዳ። ምስክሩ «ጥሩ ያገኝ ነበር» ካለ ዋጋ የለውም። በዚያው ሥራ ላይ ያለ፣ «በቀን ለባለቤቱ ገቢ አስገብተን ነዳጅ ሞልተን ይህን ያህል ይተርፈናል» የሚል ነው የሚፈለገው። የባንክና የቴሌብር እንቅስቃሴ ዝርዝርም ብዙዎች የሚረሱት ማስረጃ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። የ30 ዓመት ባጃጅ ነጂ ነው እንበል። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ በወር 9,000 ብር ይተርፈዋል። ቦርዱ 40 በመቶ ጉዳት ጻፈ። በወር ያጣው 3,600 ብር ነው፤ በዓመት 43,200። እስከ 60 ዓመቱ ይሠራ ነበር ካልን 30 ዓመት፤ ድምሩ 1,296,000 ብር። በዚህ ላይ የታከመበት ወጪ እና ተኝቶ የቆየባቸው ወራት ሙሉ ገቢ ይደመራል። ተከሳሽ ሦስት ነገር ይላል። ተጎጂው ራሱም አጥፍቷል፣ በቁጥር 2098 ይቀነስ። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ስለሚወስድ ይቀነስ። ሌላ ሥራ መሥራት ይችላል። ለሦስተኛው መልስ ይኑራችሁ። ማንበብ የማይችል ሰው እግሩን ካጣ ቢሮ ተቀምጦ ይሠራል ማለት አይቻልም። ለአንዱ 40 በመቶ የሆነው ለሌላው ሥራውን በሙሉ ማጣት ነው። ይህን ዳኛው ከቦርዱ ወረቀት ላይ አያገኘውም። እናንተ ናችሁ የምታስረዱት።

የቤት እመቤት ስትጎዳ «ገቢ የላትም» ይባላል። ሥራዋን አሁን የሚሠራው ማን ነው? ሠራተኛ ከተቀጠረ ደመወዟ ጉዳት ነው። ለሕፃን ልጅ ግን ገቢ ማስላት ስለሚከብድ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ርትዕ ትገባላችሁ።

በሞት ጊዜ ሒሳቡ ይለያል። በቁጥር 2095 መጠየቅ የሚችሉት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ወደ ላይ የሚቆጠሩ፣ ልጆችና ወደ ታች የሚቆጠሩ ናቸው። መሠረቱ ያጡት መተዳደሪያ ነው። ሟች ለራሱ ያወጣው የነበረውን ቀንሳችሁ አቅርቡ፤ ካልቀነሳችሁት ተከሳሽ ይቀንስላችኋል። ወንድም ወይም እህት ይረዱ ነበር ብላችሁ አትድከሙ።

የሞራል ካሣ? በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ መቀለጃ ሆኗል። ሕግ አውጪው ሊያሻሽለው ይገባል ባይ ነኝ። ጠይቁት፤ ተስፋ ግን አትጣሉበት።

7. ክሱን መክፈት

በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 27 የአካል ጉዳት ክስ የሚከፈተው ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ነው። ደንበኛችሁ ጎንደር መኖሩ ብቻ አይበቃም። ሊማሊሞ ላይ የተገለበጠ አይሱዙ ከሆነ ወደ ደባርቅ ነው የምትሄዱት፤ ተከሳሹ ጎንደር ካልኖረ በቀር። የወረዳውንና የከፍተኛውን ፍርድ ቤት የገንዘብ ወሰን ሬጅስትራር ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

የመድን ድርጅት ካለበት የፌዴራል ሥልጣን ነው የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሰጣል። ስለዚህ ጉዳዩ በውክልና ሥልጣን የሚታይ መሆኑን ማመልከቻው ላይ ጻፉ። ይህ ይግባኙ የት እንደሚሄድም ይወስናል። በነጥቡ ላይ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠውን የቅርብ ውሳኔ ፈልጉ፤ አስገዳጅ ነው።

ጉዳቱን ሁሉ በአንድ ክስ ጠቅልሉ። የሕክምናውን ዛሬ፣ የገቢውን በሌላ ጊዜ ብሎ ነገር የለም። የተተወው ጥያቄ ተመልሶ አይቀርብም። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ለማይችል ደንበኛ በነፃ ለመክሰስ በቁጥር 467 ማመልከቻ አስገቡ። ጠበቃ መክፈል የማይችለውን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ወደሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ላኩት።

8. ምስክርና ሐኪም

ምስክር አታስጠኑ። ግን አነጋግሩት። የገጠር ምስክር ቀን የሚቆጥረው በበዓል ነው። «በቃና ዘገሊላ» ካለ ጥር 12 ነው። እናንተ አስቀድማችሁ ካላሰላችሁት መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ይደናገራል። ለራሳችሁ ምስክር መሪ (መልሱን የሚጠቁም) ጥያቄ አትጠይቁ፤ «ምን አየህ?» በቂ ነው። ለእያንዳንዱ ምስክር ደግሞ ጭብጥ መድቡለት። ሦስት ሰው ስለ ግጭቱ፣ ስለ ገቢው ማንም የሌለበት የምስክር ዝርዝር አትሥሩ።

ተከሳሽ የቦርዱን መቶኛ ከተቃወመ ሐኪሙ ቀርቦ እንዲያስረዳ ወይም ሌላ ቦርድ እንዲያየው ይጠየቃል። አትፍሩት። ሐኪሙ ለዳኛው በቀላል አማርኛ «ይህ ሰው ዳገት መውጣት አይችልም» ሲል ከወረቀቱ የበለጠ ይሠራል።

9. ከፍርድ በፊት እግድ፣ ከፍርድ በኋላ አፈጻጸም

ክሱን ስትከፍቱ መኪናው ወደ ሌላ ስም እንዳይዛወር እግድ ጠይቁ። መጥሪያ ደርሶት በሳምንቱ ለወንድሙ የሚያዞር አለ። ይግባኝ ካለ 60 ቀን ነው፤ ተከሳሽ ያሳግዳል፣ እናንተም ዋስትና እንዲያስይዝ ትጠይቃላችሁ። አፈጻጸም በ10 ዓመት ውስጥ ይቀርባል፤ ግን ሲኖትራክ በዚያ ጊዜ ብረት ይሆናል። ደግሞ መኪናው በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ በሐራጅ ሲሸጥ ቀድሞ የሚወስደው ባንኩ ነው። ስለዚህ በደረጃ 2 ሊብሬውን ስታጣሩ የባንክ መያዣ እንዳለበት በዚያው ጠይቁ። ካለ የባለቤቱን ቤት፣ ቦታና የባንክ ሒሳብ ከአሁኑ መፈለግ ጀምሩ።